የሜዳው እንግዳ

የጣሊያንን ዘመን ልንገራችሁ ስል ጆሯችሁ የሚቆመው ጥይት ሲጮህ ለመስማት ነው፣ አውቃችኋለሁ። ማን ምሽግ ሰበረ፣ ማን ባንዳ ሆነ፣ ማን ጫካ ገባ። ታላቅ ወንድሜ ክንዱ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። አርበኛም አልነበረ፣ ባንዳም አልነበረ። ገበሬ ነበር፣ ገና ሲደርስ ደግሞ የሩር ዳኛ። ይኼ ካልጣማችሁ በሩ ያውላችሁ፣ እኔ ታንጉት ማንንም ለምኜ አላወራም።

ሩር ማለት ከወይራ ሥር የምትጠረብ፣ ጡጫ የምታህል ድቡልቡል እንጨት ናት። ወንዶቹ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ይለጓታል። ሁለት ወገን ይሆኑና ገፍቶ ገፍቶ ከባላጋራው ዳር ያደረሳት አሸነፈ። ጨዋታው ይኸው ነው፣ ሕፃንም ይገባዋል። ጠቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሩሯ ከሜዳ ስትወጣ የማን ናት? ሁለት ዱላ ተቆላልፎ መሀል ላይ ስትያዝ የማን ናት? እዚህ ላይ አገር ከአገር አይስማማም።

እኛ ላይ ሚካኤሎች፣ ከማንኩሳ ወዲያ ያለነው፣ የወጣች ሩር አልሞተችም እንላለን። ቁጥቋጦ ትግባ፣ ወንዝ ትግባ፣ ተከትሎ የደረሰባት የሱ ናት። አንድ ገና ሩሯ ካሰች የምትባል ጎረቤታችን ደጅ ካቀረበችው የጠላ ጋን ውስጥ ጥልቅ አለች። ጎረምሶቹ በየዱላቸው ጋኑን ሲያማስሉት ካሰች ደረሰችና በማማሰያ ትዠልጣቸው ጀመር። "ጠላዬን ደፍታችሁ እናንተን ይድፋችሁ!" እያለች እጇን እስከ ብብቷ ነክራ ሩሯን አወጣቻት። ጎረምሶቹ የኔ ነች የኔ ነች ሲባባሉ ወንድሜ እጁን አንሥቶ፣ "የደረሰባት ካሰች ናት። ትለጋ!" ብሎ ፈረደ። በማማሰያው ለጋቻት እላችኋለሁ! ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እስከ ጥምቀት አልበረደም።

ከሜዳው ማዶ ያሉት ታች ጊዮርጊሶች ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ስድነት ነው የሚሉት። በነሱ ወግ የወጣች ወጥታለች፣ ያወጣት አጥቷታል። ዳኛው ከወጣችበት ዳር ያስቀምጣትና ሌላው ወገን ይለጋታል። የሽንዲዎችን ብትጠይቁ ዳኛው ወደ ሰማይ ይወረውራታል፣ ስትወርድ የቀደመ ይወስዳታል። ቡሬዎች ተራ ነው የሚሉት፣ አሁን ለናንተ፣ ቀጥሎ ለኛ። ተራው የማን እንደነበረ ሲረሱ ግን በዱላ ነው የሚያስታውሱት።

ታዲያ ሁለት ደብር ሲገጥም በማን ወግ ይጫወት? ይኼንን አባቶቻችን ጨርሰውታል፣ በእንግዳው። ዳኛው ሩሯን መሀል ሜዳ ያስቀምጥና፣ "እንግዳው ማነው?" ብሎ ይጮሃል። ወደ ሰው ሜዳ የመጣው ወገን አለቃ፣ "እኛ ነን!" ይላል። መጀመሪያ የሚለጋው እሱ ነው፣ ወጉም የሱ ነው። ባለሜዳው ጥርሱን ነክሶ በእንግዳው ወግ ይጫወታል፣ ለከርሞ ደግሞ እሱ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል። እንግዳ መሆን በዚያን ጊዜ የሚያስደስት ነገር ነበር። አለቃው "እኛ ነን!" ሲል ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚለው።

ክንዱን ዳኛ ያደረጉት ልደቱ ከሚካኤል፣ ጋብቻው ከጊዮርጊስ ስለሆነ ነው። ሚስቱ ሀብትነሽ የገብረሰንበት እኅት ናት፣ ገብረሰንበት የጊዮርጊሶች የገና አለቃ። የኛ አለቃ ተስፋው ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ነበር። ወንድሜ ሲፈርድ ለማንም አያደላም ነበር። ነገር ግን ግትር ነው፣ እግዜር ነፍሱን ይማረውና። አንድ ወግ እንዲህ ነው ካለ ሰማይ ቢወርድ እንዲህ ነው። ልጅ አልበረከተለትም፣ የቀረለት ዘሩ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ዘሩ ቀጭን፣ ዝም ያለ፣ ሲሮጥ ግን እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ነበር። ሀብትነሽ ስሙን ስትጠራው እንኳ ፈራ ፈራ እያለች ነበር የምትጠራው።

ጣሊያን መጣና ሜዳው ላይ ሰፈረ። ያ ሜዳ የማንም ርስት አይደለም፣ የሁለታችንም ግጦሽ ነው። የኛም ከብት የነሱም ከብት እዚያ ነው የሚውለው። ገናም ተራ በተራ የምንጫወተው እዚያው ነበር፣ አንድ ዓመት ባለሜዳው እኛ፣ አንድ ዓመት እነሱ። እኩሌታውን በሽቦ አጠሩት፣ ምሽግ ቆፈሩበት፣ ባንዲራቸውን ተከሉ። ከሽቦው ወዲህ ደግሞ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደረደሩ፣ ያንን ያለፈ ይተኮስበታል አሉ። ከብት ምን ያውቃል? ስንቱ ላም አለቀ። ገና መጥቶ ሲሄድ ሩር የለጋ አልነበረም፣ የባለሜዳነቱ ተራ የማን እንደነበረም ተምታታ።

ዘሩን የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። ጫካ ላሉት ሰዎች ዱቄት አድርሷል ብለው። አድርሷል እንዴ? አዎን አድርሷል! ምን ልደብቅ፣ ዱቄቱን የፈጨሁት እኔ ነኝ። ግን ያየው የለም፣ ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ አላውቅም። እጁን ወደ ኋላ አስረው ምሽጉ ውስጥ ከተቱት። ሀብትነሽ ጥሬም ቆሎም ይዛ በየቀኑ ሽቦው በር ላይ ትቀመጣለች። ዘበኞቹ ስንቁን ይቀበሏታል፣ ለልጇ ይድረሰው አይድረሰው የሚያውቀው እግዜር ነው። ክንዱ ግን አይሄድም ነበር። ቤት ቁጭ ብሎ መሬት ይጭራል። እኔም አንዳንዴ በንዴት፣ "ምን ዓይነት አባት ነህ!" ብዬ እጮህበት ነበር።

የገና ጾም እንደተያዘ እንዳለው የሚባለው አስተርጓሚ ወደ ቤቱ መጣ። የቡሬ ሰው ነው፣ ክፉም አልነበረ፣ የሚፈራ ሰው ነበር እንጂ። ቆሞ ነበር የተናገረው፣ ተቀመጥ ብንለው እምቢ ብሎ።

"አባት፣ የምሽጉ ሹም እንዲህ ይላሉ። ለገና ትልቅ ሰው ከላይ ይመጣባቸዋል። አገሩ ጸጥ ማለቱን፣ ሕዝቡም ደስ ብሎት መዋሉን ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ሁለቱ ደብር ከሜዳው ላይ እንደ ጥንቱ ሩር ይለጋ። ጠብ ካልተነሣ፣ ሕዝቡም ደስ ብሎት ከታየ፣ ልጅዎ ያን ቀን ከናንተ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲያውም አውጥተን ከወገኖቹ ጋር እናሰልፈዋለን፣ እሱም ይጫወታል።"

ሀብትነሽ እግሩ ላይ ወደቀች። ክንዱ ቀስ ብሎ፣ "እውነት ነው?" አለው።

"እኔ የተባልኩትን ነው የምናገር" አለ እንዳለው ዓይኑን ሰብሮ። "አንድ ነገር ብቻ። ነጩን ድንጋይ ያለፈ ይተኮስበታል። ገናም ቢሆን።"

ያን ቀን ቤታችን ሰው ያለበት ቤት መሰለ። ሀብትነሽ የዘሩን ጋቢ አውጥታ ወንዝ ወረደች፣ አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ሳይደርቅ ደግማ አጠበችው። ወንድሜ ግን ወዲያው ጭንቅ ያዘው። በሚካኤል ወግ ከተጫወቱ ሩሯ ድንጋዩን ባለፈች ቁጥር የሚከተላት ጎረምሳ አለ፣ የሚከተላት ደግሞ የፈጠነው ነው። የፈጠነው ማነው? ዘሩ! ልጁ እንዲተርፍ በጊዮርጊስ ወግ መሆን አለበት፣ የወጣች ወጥታለች። በጊዮርጊስ ወግ እንዲሆን ደግሞ "እንግዳው ማነው?" ሲባል ጊዮርጊሶች "እኛ ነን" ማለት አለባቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየተሻሙ የሚሉት ቃል ነው።

ወደ አማቹ ወደ ገብረሰንበት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ገብረሰንበት እስኪጨርስ በደንብ አዳመጠው።

"አማቼ" አለው፣ "እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ እንግዳ ነኝ ልበል? ከብቶቼ በሚውሉበት፣ አባቴ ገና በተጫወተበት፣ በባንዲራቸው ሥር፣ እነሱ እየሰሙ? እንዳለው ሲተረጉምላቸው ምን ይላሉ? ባለቤቶቹ በአፋቸው እንግዳ ነን አሉ፣ ለቀቁልን አይሉም?"

"ጨዋታ እኮ ነው" አለው ክንዱ።

"ጨዋታ መሆኑን እርስዎና እኔ እናውቃለን። እነሱ ያውቃሉ?"

"ዘሩ የእኅትዎ ልጅ ነው።"

ገብረሰንበት፣ "ሚካኤሎች ይበሉ እንግዲህ። ልጁ የደብራቸው አይደለም?" አለ።

ተስፋው ዘንድ ሄድን። ተስፋው ደግሞ ምላሱ ቅቤ ነው። "ምን ነካህ ክንዱ? እኛ እንግዳ ነን ብንል በኛ ወግ ሊሆን ነው፣ ልጅህ ድንጋዩን ሊያልፍ ነው። ለልጅህ ስንል ነው የማንለው! ጊዮርጊሶች ይበሉ እንጂ" አለ። አያችሁት? እሱም እንደ ገብረሰንበት ነው ያፈረ፣ ግን ለኛ ያዘነ መስሎ ነው ያፈረ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ነበር፣ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

ሌላ መንገድ ፈለገ። በሽንዲ ወግ ይሁን፣ ሩሯ ስትወጣ እኔ ወደ ላይ ልወርውራት አለ። ሁለቱም ሳቁበት። "እንግዳው ማነው ስትል ከሽንዲ ማን መጥቶ ይመልስልሃል?" አሉት። እኔም አልኩት፣ "አያ፣ ለምን አትተወውም ጥያቄውን? ዝም ብለህ ሩሯን አስቀምጥና ይጀምሩ!" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሳይጠየቅ የተለጋች ሩር የማን እንደሆነች አይታወቅም። መጀመሪያ ስትወጣ ይፋጃሉ። ከተፋጁ ደግሞ ዘሩ የለም" አለኝ። እውነቱን ነበር እኮ። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

በመጨረሻ ሀብትነሽ ራሷ ተነሣች። ድንጋይ አነሣችና አንገቷ ላይ ተሸክማ ወንድሟ ደጅ ሄዳ ቆመች። ነፍስ ያጠፋ ሰው ለእርቅ እንደሚቆመው፣ ምንም ሳታጠፋ። ገብረሰንበት ከቤት ወጥቶ ሲያያት ዘሎ ድንጋዩን ከአንገቷ አወረደ፣ አለቀሰም ይላሉ። "እሺ" አላት። "እሺ እኅቴ፣ እላለሁ።" እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ። እኛም አመንን። ለምን አናምንም? ውሸቱንም አልነበረም፣ ሲላት ከልቡ ነው ያላት።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ትልቁ ሰውዬ በድንኳን ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሹሙ ከጎኑ፣ ወታደሮች ዙሪያውን። ሚካኤሎች በወዲህ፣ ጊዮርጊሶች በወዲያ። ሽማግሌዎቹ ከየወገናቸው ኋላ ቆመዋል። ዘሩን አመጡት። ጸጉሩን ላጭተውታል፣ አንገቱ የወፍ አንገት መስሏል። ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን በእጁ ከለለ። ተስፋው የራሱን ዱላ ሰጠው። ሀብትነሽ ጋቢውን አጥፋ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አጠገቤ ቆማ ነበር።

ክንዱ መሀል ሜዳ ገባ። ሩሯን አስቀመጠ። "እንግዳው ማነው?" አለ።

ዝም።

ገብረሰንበትን ሁላችንም አየነው። ወደ ባንዲራው አየ። ዞሮ ሽማግሌዎቹን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። እኛን አየ፣ የተስፋውን አፍ። ተስፋውም የሱን አፍ ያያል። ጊዮርጊሶች ሚካኤሎች ይሉታል ብለው ይጠብቃሉ፣ ሚካኤሎች ጊዮርጊሶች ቃል ገብተዋል ብለው ይጠብቃሉ።

"እንግዳው ማነው?" አለ ወንድሜ ደግሞ፣ አሁን እንደ መጮህ ሳይሆን እንደ መለመን።

ሩሯ መሬት ላይ ናት። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ዱላ፣ የሚነካት ጠፋ። ሀብትነሽ፣ "ገብሬ! ገብሬ ወንድሜ!" አለች። ገብረሰንበት አንገቱን ደፋ። ሹሙ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ፣ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻ አወረዱ። እንዳለው እየሮጠ መጥቶ፣ "ምን ሆናችሁ? ስለ እመቤታችን ጀምሩ! አድማ ነው እያሉ ነው!" አለ።

ያኔ ወንድሜ ከአንድ ጎረምሳ እጅ ዱላ ነጠቀ። "እንግዳው እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ክንዱ፣ ልጄም፣ ቤቴም፣ የዚህ ሜዳ እንግዳ ነን። በጊዮርጊስ ወግ ይሁን።" ሩሯን ለጋት።

ከሕዝቡ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጩኸት አይደለም፣ ሰው ሲወጋ የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ነው። እንዳለው ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፣ ትልቁ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀና ፈገግ አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጨዋታ ከተባለ። የገና ዘፈን የለም፣ መሰዳደብ የለም፣ መሳቅ የለም። ጎረምሶቹ ሩሯን እንደ ሥራ ይገፏታል። ስትወጣ ሁሉም ይቆማል፣ ወንድሜ ያስቀምጣታል፣ ሌላው ወገን ይለጋታል። ድንጋዩን ማንም አላለፈም። ጠብም የለም፣ ምን ጠብ! ወንድሜ የፈለገው ሁሉ ሆነለት።

ዘሩ ግን ሩር አላገኘም። ያ ፈጣን ልጅ፣ ከእስር የወጣ እግሩን እየጎተተ ከዳር ዳር ይሮጣል፣ ወገኖቹ ወደሱ አያሳልፉም። በሚካኤሎች ዓይን የነሱ ወገን አይደለማ፣ አባቱ በአደባባይ እንግዳ አድርጎታል። ጊዮርጊሶችም ሲደርስባቸው መንገድ ይለቁለታል እንጂ አይጋፉትም፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው። መሀል ሜዳ ላይ ዱላውን ይዞ ብቻውን ቀረ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነካትም።

ክንዱ ገባው። "ኧረ ዝፈኑ!" አለ። "እባካችሁ፣ ሳቁ! ደስ ይበላችሁ! ለልጄ ብላችሁ!" የሚዘፍን የለም። ያን ጊዜ ሀብትነሽ ጋቢውን እንዳቀፈች፣ "እልል" አለች። ብቻዋን። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፣ እንደገና "እልል" አለች። ልከተላት አፌን ከፈትኩ፣ ለቅሶ ወጣኝ።

ትልቁ ሰውዬ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሹሙ ፊቱ ቀልቶ ለእንዳለው ተናገረ፣ እንዳለውም ወደ ወንድሜ መጣ።

"ይኼ ለቅሶ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም ይላሉ። እንግዳቸው ፊት አሳፈራችኋቸው። በሌላ ጊዜ በደንብ ስትጫወቱ ይታያል፣ ይላሉ።"

"ጠብ አልተነሣም እኮ!" አለው ክንዱ። "ንገራቸው እንጂ! ድንጋዩን ማንም አላለፈም!"

"ነገርኳቸው አባት" አለ እንዳለው። ማልቀስ ቃጥቶት ነበር መሰለኝ።

ዘሩ ዱላውን ለተስፋው መለሰ። እናቱ ጋቢውን ስትዘረጋለት፣ "ያዢው እማ፣ እዚያ ይወስዱብኛል" ብሎ ጉልበቷን ሳመ። እኔን ሳመኝ። አባቱ እዚያው አጠገባችን ቆሞ ነበር። ዘሩ ግን ዞር ብሎ አላየውም። ወታደሮቹ ይዘውት ሄዱ። ጥምቀት ሳይደርስ በመኪና ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ያየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

ወንድሜን ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ይኼንን ልብ በሉልኝ። ቢሰድቡት በተሻለ። ሰንበቴ ሲሄድ ተነሥተው፣ "እንግዳ ይቀመጥ" ብለው የክብር ቦታ ይለቁለታል። ጽዋው መጀመሪያ ለሱ ይቀርባል። የአገር ነገር ሲነሣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የአገር ነገር ከእንግዳ ፊት አይነገርምና። እሱም ደግሞ! ላሞቹን ወደ ሜዳው መስደድ ተወ። ቤት አስሮ ሣር እያጨደ ያበላቸዋል። "አያ፣ ከሽቦው ወዲህ እኮ የኛው ነው" ስለው፣ "ብዬአለሁ እኮ፣ ሕዝብ ሰምቶኛል" ይለኛል። ለሰው እንደፈረደ ለራሱም ፈረደ። ሀብትነሽ ከወንድሟ ጋር እስክትሞት አልተነጋገረችም፣ ከባሏ ጋርም ብዙ አልተነጋገረችም።

ጣሊያን ወጣ። ሽቦውን ነቅለን ለየጓሯችን አጥር አደረግነው። ገና ሲመጣ ሁለቱ ደብር ሩር እንለጋለን አሉ፣ እዚያው ሜዳ ላይ። ዳኛ ግን ማን ይሁን? ገብረሰንበት ድንጋይ ተሸክሞ የወንድሜ ደጅ ቆመ። ሀብትነሽ አይታው ወደ ጓዳ ገባች። ክንዱ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደለትና፣ "እሺ" አለው።

ሄደ። እኔም ሄድኩ። ሜዳው በሰው ነጭ ሆኗል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ልጆቹ ገና ሳይጀመር ይሰዳደባሉ። ወንድሜ ሩሯን መሀል አስቀመጠና፣ "እንግዳው ማነው?" አለ።

"እኛ ነን!" አለ ገብረሰንበት።

"የለም፣ እኛ ነን!" አለ ተስፋው። "ዘንድሮ ተራው የኛ ነው!"

"እኛ! እኛ!" ተባለ ከሁለቱም ወገን። በየራሳቸው ወግ ሊጫወቱ ነዋ። ይሳሳቃሉ፣ ይጋፋሉ፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ያን ሁሉ ጉሮሮ ያን ጊዜ የት ደብቀውት ነበር?

ወንድሜ ቆሞ አያቸው። አንዱን ወገን አየ፣ ሌላውን አየ። ሳቁ ከየፊታቸው እየጠፋ መጣ፣ የገባቸው ነበሩ። ገብረሰንበት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ያን ቀን አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር" አለ ክንዱ።

ሩሯን እዚያው ትቷት ወጣ። ተከተልኩት። መንገድ ላይ አላናገረኝም፣ ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሀብትነሽ ከጓዳ አልወጣችም። ትንሽ ቆይቶ ከሜዳው ጩኸት መጣ፣ ሌላ ዳኛ አቁመው ጀምረዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ጩኸቱ ድንገት ቆመ።

"ወጣች" አለ ወንድሜ ሳይዞር።

"ምኗ?" አልኩት።

"ሩሯ። ለማን ሰጧት ይሆን?"

"እኔ ምን አውቄ አያ" አልኩት፣ አጠገቡም ተቀመጥኩ።